የባንቺአየሁ ክሊራንስ

በኛ ጊዜ፣ ሰሚራዬ፣ ኮምፒውተር አልነበረም አልልሽም፤ ነበረ፣ መብራት ሲጠፋ ግን እሱም አብሮ ይጠፋል፤ የኔ የመጽሐፍ ካርድ መብራት ጠፋ አልጠፋ ሳጥኗ ውስጥ ናት። ነይ እስቲ ወዲህ ተጠጊ። እናንተም ቁጭ በሉ፣ የሰማችሁት ካላችሁም ድጋሚ ስሙት፣ ምን ይላችኋል። እሷ የፊታችን ሰኞ ወልድያ ወጥታ ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ሥራ ልትጀምር ነው፣ ያውም እኔ በተቀመጥኩባት ጠረጴዛ፣ እና «አባባ ዱዓ ያርጉልኝ» ብላ ነው ከሐራ እዚህ መርሳ ድረስ የመጣች። ዱዓው አይቀርብሽም። ከዱዓው በፊት ግን ይቺን ስሚ፣ ይቺን ሳትሰሚ ብትሄጂ ዱዓዬም አይደርስልሽ።

እኔ መጀመሪያ ጠራዥ ነበርኩ። የተገነጠለ መጽሐፍ እሰፋለሁ፣ ሙጫ እቀባለሁ፣ በእንጨት መጭመቂያ አጥብቄ አደርቃለሁ፣ ሥራዬ እሱ ነበር። ታዲያ ሰው ሲያንስ «ይማም፣ ማዋሱንም አንተው ያዘው» አሉኝ እና ሁለቱንም ያዝኩ። እዚያች ጠረጴዛ ላይ ሆኜ ያላየሁት ተማሪ የለም። የሕጎቹ፣ ኧረ የሕጎቹስ! መጽሐፉን ቀኑን አሳልፈው ያመጡና «ጋሼ ይማም፣ ደንቡ የሚለው የሥራ ቀን ነው፣ ቅዳሜና እሑድ አይቆጠርም!» ብለው ችሎት ይከፍቱብኛል። የምሕንድስናዎቹ አይከራከሩም፣ ገጹን ግን እንደ ነጠላ አጣጥፈው ነው የሚመልሱልኝ። የነርሲንግ ትምህርት ክፍል ልጆች ደግሞ የአጥንት ስም ሲሸመድዱ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል፣ ዚክር ላይ ያሉ ነው የሚመስሉ።

ታዲያ ከነዚያ ከነርሲንጎቹ አንዷ ባንቺአየሁ ናት። የጎጃም ገበሬ ልጅ ናት፣ ሦስተኛ ዓመቷን ጨርሳለች፣ ቀጭን፣ ድምጿ ግን ሙሉ። ድምጿን እንዴት አወቁት አትዪኝም? ከጠረጴዛዬ ጎን ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች የሚነበብበት ጠባብ ክፍል ነበረ፣ እና እሷ ማንም ሳያዛት ከምሳ በኋላ እየመጣች ታነብላቸዋለች። የራሷ ትምህርት ያልሆነውን፣ የሕጉን፣ የታሪኩን፣ ሁሉን። «እዚህ ላይ ነጠላ ሰረዝ አለ» ሳይቀር ትነግራቸዋለች። እኔ ካርዴን እየደረደርኩ እሰማታለሁ፣ ወላሂ ከሷ አፍ የተማርኩት ብዙ ነው። ይህን ያዢልኝ፣ አውቃት እንደነበር ያዢልኝ።

አሁን የካርዷን ነገር ልንገርሽ፣ ጣጣው ሁሉ ከሷ ነው የመጣ። ያኔ እያንዳንዱ መጽሐፍ ከጀርባ ሽፋኑ ኪስ አለው፣ ኪሱ ውስጥ ካርድ አለች። ተማሪ ሲዋስ ስሙን እጽፍባትና ሳጥኔ ውስጥ አስቀራታለሁ፣ ሲመልስ ስሙን ሰርዤ ወደ ኪሷ እመልሳታለሁ። ካርዷ ሳጥን ውስጥ ካለች መጽሐፉ ሰው እጅ ነው፣ በቃ። እኔ ግን የራሴ ብልሃት ነበረኝ። መጽሐፉ ተቀዶ ከመጣ ቀጥታ ወደ ጥረዛ ክፍሌ እወስደዋለሁ፤ ካርዷን ኪሱ ውስጥ ብከታት ሙጫ ይበላታል፣ እና ተሰፍቶ እስኪወጣ እዚያው ሳጥን ውስጥ ትቆያለች፣ ስሙም አይሰረዝም፣ ቀይ ክር ብቻ አስርባታለሁ። ክር ያላት ካርድ ማለት «ልጁ መልሷል፣ መጽሐፉ እኔ ዘንድ ነው» ማለት ነው። ይህን ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም፣ አለቃዬም አያውቅ። በብልሃቴ እኮራ ነበር፣ ምን ልዋሽሽ።

ታዲያ ያ የጦርነቱ ክረምት መጣ። ከቆቦ በኩል መድፍ ሲተኮስ ወልድያ ላይ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፣ እና ዩኒቨርሲቲው «ተማሪ በሙሉ ወደየቤቱ ይሂድ» አለ፣ አውቶቡሶች ገብተው ቆሙ። ደንቡን ታውቂዋለሽ፣ ግቢ የሚለቅ ተማሪ ክሊራንስ የምትባለዋን ወረቀት ይዞ ይዞራል፤ ትምህርት ክፍሉ ይፈርማል፣ ዶርሙ ይፈርማል፣ ካፌው ይፈርማል፣ ክሊኒኩ ይፈርማል፣ መጨረሻው ቤተ መጻሕፍት ነው፣ ማለት እኔ። ያለ እሷ ተመልሶ መመዝገብ የለ፣ ማስረጃ ማውጣት የለ። በዚያን ቀን ሌሎቹ ቢሮዎች ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር የሚፈርሙት። የቤተ መጻሕፍቱ አለቃ መጣና «ይማም፣ ዛሬስ ተወው፣ ፈርምላቸውና ይሂዱ» አለኝ። እኔ ምን አልኩት? «ዛሬ መድፍ ተሰማ ብለን መጽሐፍ ከበተንን ነገ ምን ይዘን ነው ቤተ መጻሕፍት የምንባል?» አልኩት። ምነው አፌን በቆረጠው! እሱም ራሱን ነቅንቆ ሄደ።

ብልጦቹ ወረቀታቸውን ጥለው አውቶቡስ ላይ ዘለሉ። ባንቺአየሁ ግን ሕግ አክባሪ ናት፣ ተሰልፋ ተሰልፋ ደረሰች። ሳጥኔን ገለጥኩ፣ ካርዷ አለች። ስለ ሰው አካል የሚያስተምር ወፍራም መጽሐፍ፣ ስሟ ተጽፎ፣ ያልተሰረዘ። ክርም የላት።

«መጽሐፉስ?» አልኳት።

«መልሻለሁ አባባ፣ ባለፈው ሳምንት። ጀርባው ተላቆ ነበር፣ ለአንቱው ነው የሰጠሁ።»

«ብትመልሺ ካርዷ እዚህ ምን ትሠራለች?»

«እኔ እንጃ አባባ። መልሻለሁ ግን።»

«ለጓደኛሽ አውሰሽው ረስተሽ ይሆናል፣ ሂጂ ዶርም ፈልጊ።»

«አባባ፣ አውቶቡሱ ሊነሣ ነው እኮ።»

«መጽሐፉን ስታመጪ እፈርማለሁ። ቀጥሎ!»

«ቀጥሎ!» አልኩ፣ ሰሚራ። ተናድጄ አይደለም፣ ክፋትም አልነበረብኝ፣ ደንብ ያስከበርኩ መስሎኝ ኮርቼ ነው ያልኩ። ከኋላዋ የቆመው ልጅ ወረቀቱን ዘረጋልኝ እና ፈረምኩለት።

ታዲያ ከሰዓት በኋላ ግቢው ጭር አለ። በሩን ቆልፌ ስወጣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት፣ ቦርሳዋ አጠገቧ፣ ወረቀቷ እጇ ላይ። «ዶርሙን በሙሉ ፈለግሁ አባባ፣ የሄዱትን ልጆች ፍራሽ ሳይቀር ገለጥኩ፣ የለም» አለችኝ። አውቶቡሶቹ ሄደዋል። ያኔ ደነገጥኩ። ደንግጬም ግን፣ ስሚኝ፣ ያኔም አልፈረምኩም። ካርዷን ኪሴ ከተትኩ፣ መጽሐፉ ሲገኝ ልሰርዛት፣ እና «አብሽሪ፣ ነገ እኔ እሸኝሻለሁ» አልኳት።

ሲነጋ መኪና የሚባል የለም፣ በእግር ተነሣን። አስፋልቱን ትተን በማሳ በማሳው፣ አህያ ላይ ፍራሽ የጫነ፣ እናቱን ያዘለ፣ ሁሉም ወደ ታች ይጎርፋል። ያኔ ሚስቴ ዘሀራ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ግራና በሚባለው አገራችን፣ የአባቴ ቤት ነበረች፣ እኔ ወልድያ ለሥራ ብቻ ነበር የምቀመጥ። «ግራና አድረን ነገ ደሴ አሳፍርሻለሁ» እያልኩ ወሰድኳት። ደረስን። በማግስቱ ወደ መርሳ ልንወርድ ስንል ጎረቤት «ወዴት ወዴት? መንገዱ ተይዟል እኮ!» ብሎ መለሰን። ያመለጣት አውቶቡስ ደሴ በሰላም ገብቷል። አንዲት ቀን ናት፣ ልጆቼ። እኔ የነጠቅኋት አንዲት ቀን ናት።

ከዚያማ ስልክ የለ፣ መብራት የለ፣ መድኃኒት የለ፣ ወር በወር ላይ ሄደ። ዘሀራ እንደ ልጇ ያዘቻት። «ሥጋ ባንጋራ ምን ችግር አለው፣ ሥጋውስ የት አለና» ትላታለች፣ ይስቃሉ። የጤና ጣቢያው በሩ ተገንጥሎ መደርደሪያው ባዶ ቀርቶ ነበር፣ እና ባንቺአየሁ በፈላ ውሃና በጨው ቁስል ማጠብ ጀመረች። ሕፃኗን ተቅማጥ የያዘባት እናት ሁሉ እሷ ዘንድ ነው። «ዶክተሯ አለች ወይ?» እያሉ በሬን ያንኳኳሉ። እሷም «ኧረ እኔ ገና ተማሪ ነኝ፣ ክሊራንስ እንኳ አልጨረስኩም» ትላቸዋለች። ለቀልድ ነው የምትለው፣ እኔን ግን ይወጋኛል። አንዳንዴ ደግሞ ብቻችንን ስንሆን «አባባ፣ ያን መጽሐፍ መልሻለሁ እኮ» ትለኛለች። «እሺ እሺ» እላታለሁ።

ክረምቱ ወጥቶ ውሃው በየጉድጓዱ ሲተኛ ወባው ተነሣ። ግራና ቆላ ነው፣ ወባ እንግዳችን አይደለም፣ ግን ሌላ ጊዜ ክኒን ነበረ። እሷ ስንቱን ስታስታምም እሷን ያዛት። ስትንቀጠቀጥ እንኳ አትጮህም። «ወባ ነው አባባ። መድኃኒቷ የሦስት ቀን ክኒን ናት» አለችኝ፣ ልክ ለነዚያ ዓይነ ስውራን እንደምታነብ፣ ረጋ ብላ። የሦስት ቀን ክኒን! በእግሬ መርሳ ወረድኩ፣ መድኃኒት ቤቱን ሁሉ ዞርኩ፣ አንዱ ባለ ሱቅ ባዶ ካርቶኑን አንሥቶ አሳየኝ። ባዶ እጄን ስመለስ ዘሀራ ከደጅ አየችኝ እና ወደ ቤት ገባች።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ነው። ትኩሳቱ ለቀቅ ያረጋት መሰለኝ፣ ዓይኗን ገለጠች።

«አባባ።»

«ወይ ልጄ።»

«መጽሐፉን መልሻለሁ። ያምኑኛል?»

«አምኜሻለሁ ልጄ፣ አብሽሪ፣ አምኜሻለሁ» አልኳት።

ውሸቴን ነው፣ ሰሚራ። አፌ ነው ያመናት። ሆዴ ግን «ሰው ሲጨንቀው ይረሳል፣ የሆነ ቦታ ጥላዋለች» ይል ነበር። እዚያ ሞት አፋፍ ላይ ያለችውን ልጅ ትቼ፣ ኪሴ ውስጥ ያለችውን ካርድ ነበር የማምን። እሷም አየችኝ። ያወቀችብኝ ይመስለኛል። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ ቀትር ሳይሆን አለፈች።

ቅሬው፣ የቀብር ማኅበራችን፣ ተጠራ። የኛ ቅሬ እስላም ክርስቲያን የሚል አያውቅም፣ ጉድጓዱን እኛ ቆፈርን፣ ቃሬዛውን እኛ ተሸክመን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጣን፣ ቄሱ ፈቷት፣ ዘሀራ ከደጀ ሰላሙ ውጪ ቆማ አለቀሰች። ያች የጎጃም ልጅ ግራና ላይ አንድ ዘመድ ሳይኖራት አገር በሙሉ ነው የቀበራት። እኔ ግን ከቃሬዛው ሥር ሆኜ የማስበው ምን ነበር መሰላችሁ? ያንን መጽሐፍ። ለክፉ አይስጣችሁ።

ታዲያ በኋላ መንገድ ሲከፈት ወልድያ ተመለስኩ። ቦርሳዋን ለተማሪዎች አገልግሎት ቢሮ አስረከብኩ፣ ለቤተ ሰቦቿ እንዲልኩ፣ የሞተችበትን የተቀበረችበትን ነገርኳቸው። ራሴ ደውዬ ላረዳ አልቻልኩም፣ ፈራሁ። ከዚያ ቤተ መጻሕፍቱን ከፈትኩ። ማን እንዳደረገው አልናገርም፣ አልነበርኩም፣ ያላየሁትን አልመሰክርም። መደርደሪያው ወድቋል፣ መጽሐፉ ተረግጧል፣ ግማሹ ተማግዶ አመዱ ወለሉ ላይ አለ። የዓይነ ስውራኑ ክፍል ወንበር እንኳ አልቀረበትም። ያን ሁሉ ሳስከብረው የኖርኩትን አየሽ? አንድ ቀን አልቆየልኝም።

ጥረዛ ክፍሌ ገባሁ። በሩ ተሰብሯል፣ ሙጫው ፈሷል። መጭመቂያው ግን ከባድ እንጨት ነው፣ ማንም አልነካውም። አፉ ላይ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ነክሶ ይዟል። ፈታሁት። ስለ ሰው አካል የሚያስተምረው መጽሐፍ ነው። ከጎኑ የቀይ ክሬ ማጠንጠኛ ባዶዋን ወድቃለች።

ያኔ ትዝ አለኝ። አምጥታ ሰጥታኛለች፣ «ጀርባው ተላቋል አባባ» ብላኛለች፣ እኔም ወስጄ መጭመቂያ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ለካርዷ ክር ልቆርጥ ብል ክሩ አልቋል። «የአንዲት ካርድ ነገር ነው፣ አስታውሰዋለሁ» አልኩ። አስታውሰዋለሁ! ያ ረቢ። ካርዷን ከኪሴ አወጣሁና ስሟን ሰረዝኩ። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሴት አለቀስኩ፣ አላፍርበትም።

ከዚያ ትምህርት ሲጀመር አንድ ቀን አንድ ገበሬ፣ ጋቢ የለበሰ፣ ዱላ የያዘ፣ ጠረጴዛዬ ፊት ቆመ።

«እንደምን ዋሉ ጌታው። ልጄ እዚህ ትማር ነበር፣ አርፋለች። የተማረችበትን ማስረጃ ስጡኝ፣ ለናቷ ግድግዳ ላይ ልስቀልላት ብል፣ መጀመሪያ ይችን አስጨርስ አሉኝ። ቦርሳዋ ውስጥ ነው ያገኘናት። ሁሉም ፈርሟል፣ አንዲት ብቻ ናት የቀረች።»

ዘረጋልኝ። ያችው ወረቀት ናት። ትምህርት ክፍሉ ፈርሟል፣ ዶርሙ ፈርሟል፣ ካፌው ፈርሟል፣ ክሊኒኩ ፈርሟል። የኔ ቦታ ባዶ። የሞተችን ልጅ አባት ክሊራንስ የሚያስጨርስ ደንብ፣ እኔው ስመካበት የኖርኩት ደንብ፣ ዞሮ መጣብኝ። ፈረምኩ። ፊርማዬ ፊርማ አልመስል አለ።

ሰውየው አመስግኖኝ «አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለ። «ግራና የቀበራት ይማም የሚባል ሰው አለ ብለውኛል። ያውቁታል? እግሩን ሳልስም አልመለስም።»

«እኔ ነኝ» አልኩት።

ጎንበስ ሲል ተነሥቼ ትከሻውን ያዝኩት። «አይሳሙኝ! መጀመሪያ ይስሙኝ» አልኩት እና ሁሉንም ነገርኩት። ክሩን፣ ካርዷን፣ «ቀጥሎ» ያልኩትን፣ አውቶቡሱን፣ መጭመቂያውን። አንድም አላስቀረሁ። ዱላውን ያነሣል ብዬ ጠበቅሁ፣ ቢያነሣ ደስ ይለኝ ነበር።

«እና መልሳው ነበር?» አለኝ።

«መልሳው ነበር።»

«የሰው አደራ ይዛ አልሞተችም?»

«አልሞተችም። አደራውን የያዝኩት እኔ ነኝ።»

«ሳትሞት አመኗት?»

«በአፌ» አልኩት። «በአፌ ብቻ።»

እግሬን አልሳመም፣ አልረገመኝምም። ወረቀቷን አጥፎ ኪሱ ከተተ እና «መቃብሯን ያሳዩኝ» አለኝ። ግራና ወሰድኩት። መቃብሯ ላይ ሲደርስ ወረቀቷን አወጣና ሰጠኝ። «እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ያንብቡላት» አለኝ።

አነበብኩላት። ሰዎች ከሩቅ ቆመው ያዩናል፣ አንድ እስላም ሽማግሌ ለክርስቲያን መቃብር ወረቀት ያነባል። ስሟን አነበብኩ፣ ነርሲንግ ትምህርት ክፍል አልኩ፣ ሦስተኛ ዓመት አልኩ። ዶርም፣ ካፌ፣ ክሊኒክ፣ ቤተ መጻሕፍት። «ከላይ የተጠቀሰችው ተማሪ በእጇ የሚገኝ ምንም ዓይነት የዩኒቨርሲቲው ንብረት የለም» አልኩ። እሷ ለነዚያ ልጆች እንደምታነበው፣ ነጠላ ሰረዟን ሳይቀር አነበብኩላት። አባቷ «ሰማሽ ልጄ?» አላት። ይቺን ብቻ ነው ያላት።

እንግዲህ ይኸው ነው ሰሚራ። ከዚያ በኋላ ብዙም ሳልቆይ ሥራውን ለቀቅሁ። ለቀቅሁም አልቀለለኝም።

ሰሚራ፦ «ታዲያ አባባ፣ እኔ መጽሐፍ ሳይመለስ ልፈርም ነው የሚሉኝ?»

አይ፣ መጽሐፉን ጠይቂ፣ መጽሐፍ የሕዝብ ነው፣ ይጠየቃል። ካልተገኘ ግን ልጁን ዶርም ከመስደድሽ በፊት የራስሽን ክፍል ፈልጊ። አውቶቡስ ቆሞ እየጠበቀ ከሆነ ደግሞ ፈርሚ፣ አውቶቡሱ ሲሄድ ትፈልጊያለሽ።

ሰሚራ፦ «ቀይ ክርም ገዝቼ ልሂድ?»

ኧረ ተይ እናቴ! (ሁሉም ይስቃሉ፣ ሳቃቸው ግን ቶሎ ይቋረጣል።) ክርማ ያልቃል። የኔም እኮ ያኔ ያለቀ ክር ነው። በይ እጅሽን ዘርጊ፣ ዱዓሽን ላድርግልሽ።

ሰሚራ፦ «ቆይ አባባ። ከዱዓው በፊት መቃብሯን ያሳዩኝ።»